ለበረንዳና ለግቢ ስፒከር መጨመር፦ ያለውን አምፕሊፋየር ሳታቃጥሉ፣ ብዙም ሳታወጡ

ሳሎን ውስጥ ደህና አምፕሊፋየር አለ፤ ሰዉ ግን ያለው ግቢ ነው። ቡናው እዚያ ይፈላል፣ ልደቱ እዚያ ይከበራል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበር የሚወጣው በረንዳ ላይ ነው። የብዙ ቤት መላ ድምፁን እስከ ጥግ ለቅቆ መስኮት መክፈት ነው። ውጭ ያለው ሰው ድም ድም ብቻ ይሰማል፣ ውስጥ ያለው ደግሞ ራሱ ይዞራል። ሌላው መላ ብሉቱዝ ስፒከር ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እሱም ለአራት ለአምስት ሰው አይከፋም፤ ቻርጁ ሲያልቅና ስልክ በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ ሲቋረጥ ነው የሚያናድደው።

እዚህ የምጽፈው ያለውን ሲስተም ሳትቀይሩ ሁለት ወይም አራት ስፒከር ውጭ ስለ መስቀል ነው። መሰላልና ድሪል ላለው ሰው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ቅደም ተከተል ግን አለው። ሰው የሚከስረው መጀመሪያ ስፒከር ገዝቶ፣ ከዚያ ቤት መጥቶ ምን ላይ እንደሚሰካ ማሰብ ሲጀምር ነው። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩ ምን እንደሚችል ይታያል፣ ቀጥሎ ቦታው ይመረጣል፣ ስፒከሩ ከዚያ በኋላ ይገዛል።

ብር አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያስቃል። የት ላይ ማውጣት፣ የት ላይ መቆጠብ እንደሚያዋጣ ግን እናገራለሁ።

1. አምፕሊፋየሩን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ

ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፣ ብርሃን ወዳለበት አውጡት፣ ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ሱቅ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል፤ ባለሱቁ “ምን ዓይነት ነው ያለህ?” ሲል ከማስረዳት ማሳየት ይቀላል።

መጀመሪያ የስፒከር መሰኪያዎቹን ቁጠሩ። “ስፒከር ኤ” እና “ስፒከር ቢ” የሚሉ ሁለት ረድፎች ካሉና ፊት ለፊቱ ላይም ሁለቱን የሚያበሩ ቁልፎች ካሉ ዕዳው ገብስ ነው። የሳሎኑ ኤ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፣ የውጭው ቢ ላይ ይገባል። ከፈለጋችሁ የውጩን ብቻ፣ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም ታበራላችሁ፤ ሁለቱን አብራችሁ ከማብራታችሁ በፊት ግን 2 ላይ ያለውን ሂሳብ እዩ።

መሰኪያው ለሁለት ስፒከር ብቻ ከሆነ ወደ 2 እና 3 እለፉ።

የቲቪ ሪሲቨር ያላችሁ ደግሞ፣ ማለትም አምስት ወይም ሰባት ስፒከር የሚይዘው ኤችዲኤምአይ ያለው ዓይነት፣ “ዞን 2” የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ባለ ሰባቶቹ ብዙውን ጊዜ ከኋላ ያሉትን ሁለት የሰራውንድ መሰኪያዎች ለዞን 2 እንድትመድቡ ይፈቅዳሉ፤ የምትመድቡት በቲቪው ላይ በሚመጣው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ውስጥ ዜና እየታየ ውጭ ዘፈን ማጫወት ይቻላል፣ ድምፁም ለብቻው ይስተካከላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ብዙዎቹ በኤችዲኤምአይ የገባውን ድምፅ ወደ ዞን 2 አይልኩም፣ በቀይና ነጭ ገመድ የገባውን ብቻ ነው የሚልኩት። “ውስጥ ይሰማል፣ ውጭ ዝም አለ” የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሆም ቲያትር፣ ያ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ባስ ያለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው (ኦም ምን እንደሆነ 2 ላይ እናየዋለን)፣ መሰኪያቸውም የራሳቸው ነው። እሱ ላይ ምንም ነገር አትቀጥሉ። በቀጥታ ወደ 3 ሂዱ።

ቮልቱንም እዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ብቻ ሊል ይችላል፤ እኛ ጋ ያለው 220 ነው፣ ስለዚህ ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። ስፒከር ግን የራሱ አምፕ ከሌለው ቮልት የሚባል ጣጣ የለበትም፣ ከየትም ይምጣ ይሠራል። ስለዚህ ዘመድ ከዋሽንግተን “ምን ላምጣላችሁ?” ካለ አምፕሊፋየር ከምታስይዙት ጥንድ የውጭ ስፒከር አስይዙት። ሻንጣው ውስጥም ቀላል ነው።

2. የኦሙ ሂሳብ

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ አምፕሊፋየር የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው።

ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አምፑ ብዙ ከረንት ይገፋል፣ ይሞቃል። ጀርባው ላይ “ከ4 እስከ 16 ኦም” ካለ፣ ከ4 በታች አትሂድ እያለ ነው። ኤ እና ቢ ያላቸው ደግሞ ሁለት መስመር ይጽፋሉ፤ አንዱ ብቻ ሲበራ ከ4 ጀምሮ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ግን እያንዳንዱ ከ8 ጀምሮ።

ለምን? ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን ስታገናኙ፣ ማለትም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ፣ ኦሙ ይወርዳል። ሁለት ባለ 8 ኦም አብረው 4 ይሆናሉ። ሁለት ባለ 4 ኦም 2 ይሆናሉ፤ ይሄ አብዛኛውን የቤት አምፕ ያቃጥላል፣ ቢያንስ “ፕሮቴክት” ብሎ እንዲጠፋ ያደርገዋል። እኩል ካልሆኑ ሁለቱን አባዙ፣ ከዚያ ለድምራቸው አካፍሉ። ሳሎን 6፣ ውጭ 8 ከሆነ፦ 6 በ8 ሲባዛ 48፣ ለ14 ሲካፈል 3.4 ኦም። ከ4 ወረደ። በዝቅተኛ ድምፅ ምናልባት ይሄዳል፤ ሞቅ ባለ ድግስ ቀን ግን አምፑ በመሃል ይጠፋል።

በተከታታይ ስታገናኙ ደግሞ ይደመራል። ከአምፑ ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭ፣ ከአንደኛው ኔጋቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ ከሁለተኛው ኔጋቲቭ ወደ አምፑ። ሁለት ባለ 4 ኦም በዚህ መንገድ 8 ይሆናሉ። በርካሽ ዋጋ አራት ስፒከር ግቢ ውስጥ የሚሰቀለው በዚህ ነው፤ ሁለቱ በተከታታይ ለግራ፣ ሁለቱ በተከታታይ ለቀኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ካልሆኑ አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው ያንሾካሹካል።

የስፒከር መምረጫ የሚባል ሳጥንም አለ። ከአንድ አምፕ ወደ ሁለት ወይም አራት ጥንድ ስፒከር ያከፋፍላል። ስትገዙ የኦም መከላከያ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ከሌለው ሳጥኑ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው፤ ሂሳቡ ያው እላይ እንዳለው ነው።

አንድ የማያከራክር ክልክል ደግሞ፦ “ውጭ አንድ ስፒከር ብቻ ስለምሰቅል የግራውንና የቀኙን ሽቦ አንድ ላይ ላገናኝ” አይባልም። ሁለቱ የአምፑ ቻናሎች እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ፣ አምፑ ይሄዳል። አንድ ስፒከር ብቻ ካላችሁ ከአንዱ ቻናል ስጡትና ስልካችሁን ወደ ሞኖ ቀይሩት፤ ሞኖ ማለት የግራውና የቀኙ ድምፅ ተቀላቅሎ አንድ ሲሆን ነው። አይፎንም አንድሮይድም “አክሰሲቢሊቲ” ውስጥ ሞኖ የሚል ምርጫ አላቸው። ለነገሩ አራት ስፒከር ቢኖራችሁም ግቢ ላይ ሞኖ ይሻላል፤ ሰው ተበታትኖ ስለሚቀመጥ በስቴሪዮ አንዱ ጊታሩን ብቻ፣ ሌላው ኪቦርዱን ብቻ ይሰማል።

3. አምፑ ካልቻለ ትንሽ ሁለተኛ አምፕ ጨምሩ

እውነቱን ለመናገር፣ ኤ እና ቢ ቢኖራችሁም እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ትልቁን ሲስተም ምንም አትነኩትም። ለውጩ የራሱ ትንሽ አምፕ ይገዛለታል፣ ድምፁን ከትልቁ ይወስዳል፣ ቮልዩሙ ግን የራሱ ነው።

በመዳፍ የሚያዙ “ክላስ ዲ” የሚባሉ አምፖች አሉ። ብዙዎቹ ቲፒኤ 3116 የሚባል ቺፕ ነው የሚጠቀሙት። ካርቶኑ ላይ 100 ዋት፣ 200 ዋት ይላል፤ አትመኑት። ዋቱን የሚወስነው የምትሰጡት ቮልት ነው። ቺፑ እስከ 26 ቮልት ይችላል። በ19 ቮልት ለባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ ወገን 20 ዋት አካባቢ ያወጣል፤ ለበረንዳና ለመካከለኛ ግቢ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

19 ቮልት ደግሞ ምኑ ነው? የላፕቶፕ ቻርጀር! ላፕቶፑ ሞቶ ቻርጀሩ ብቻ መሳቢያ ውስጥ የቀረበት ቤት ስንት ነው። ቻርጀሩ ላይ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር ከሚል ጀምሮ ይሆናል። ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ፤ አምፑ 19 ቮልት እንደሚቀበል፣ የጫፉም መሃል ፖዘቲቭ መሆኑን። ሁለተኛውን በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መልቲሜትር) ለኩ፤ ቴስተር ከሌላችሁ ቻርጀሩ ላይ የተሣለችውን ትንሽ ክብ ምልክት እዩ፣ መሃሉ የመደመር ምልክት ሊሆን ይገባል።

ሌላ ጥሩ ነገር አለው። ያው ዓይነት አምፕ በ12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። ዋቱ ይወርዳል፣ በ8 ኦም 9 ዋት ቢያወጣ ነው፤ ግን መብራት ሲጠፋ ሶላር ወይም የመኪና ባትሪ ያለው ሰው ግቢው ዝም አይልበትም።

ድምፁን ከየት ይወስዳል? ከትልቁ አምፕ ጀርባ “ፕሪ አውት” ወይም “ሪከርድ አውት” የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለ ከዚያ። ሆም ቲያትር ከሆነ ከቲቪው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ወይም በብሉቱዝ በቀጥታ ከስልክ። የትልቁን አምፕ የስፒከር መሰኪያ ግን ወደ ትንሹ አምፕ መግቢያ አታስገቡ። ያ ብዙ ኃይል ያለው መስመር ነው፣ ትንሿን ያበላሻታል።

4. ቦታውን ምረጡ

ክፍል ውስጥ ግድግዳና ኮርኒስ ድምፁን ይመልሱላችኋል። ውጭ የሚመልስ ነገር የለም፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ስፒከሩ አንድ ሜትር ላይ 84 ዴሲቤል ቢያወጣ ሁለት ሜትር ላይ 78፣ አራት ሜትር ላይ 72፣ ስምንት ሜትር ላይ 66 ነው። ሩቅ ያለው ሰው እንዲሰማ ብላችሁ ስትጨምሩ ስሩ የተቀመጠው ሰው ማውራት አይችልም። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስፒከር ጥግ ላይ አስቀምጦ ከማስጮህ፣ ትንንሾቹን ሰዉ ወደሚቀመጥበት አስጠግቶ ዝግ ማድረግ ይሻላል። ወጪውም ያንሳል።

አብዛኛው ሰው ከቤቱ ግድግዳ ወደ አጥር አቅጣጫ ይሰቅላል። ሽቦው ያጥራል፣ እውነት ነው፤ ግን ድምፁ በቀጥታ ጎረቤት ቤት ነው የሚገባው። ግቢው ጠባብ ከሆነና ሽቦ መዘርጋት ካልሰለቻችሁ አጥሩ ላይ ስቀሉና ወደ ቤታችሁ አዙሩት። የሚጮኸው ወደ እናንተ ነው፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ሰው በጣም ያነሰ ይሰማል።

በረንዳ ላይ ግን ምርጡ ቦታ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነው። ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ፣ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ወደ ወንበሮቹ። በሁለቱ መሃል ሦስት አራት ሜትር ይኑር። ከአሸንዳ ሥር ደግሞ ራቁ። አሸንዳ ክረምት ላይ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ስፒከሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

5. አሁን ስፒከር ግዙ

ለውጭ ተብሎ የተሠራ ጥንድ ካገኛችሁ ጥሩ። ፕላስቲክ ሳጥን፣ ዝገት የማይዘው ወንፊት፣ ግድግዳ ላይ የሚያስሩት ብረት አብሮት አለ። ካርቶኑ ላይ “አይፒ” የሚል ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው አሐዝ ለአቧራ፣ ሁለተኛው ለውሃ ነው። ጣሪያ ሥር ለሚሰቀል ሁለተኛው 4 ይበቃል፤ አጥር ላይ ተገልጦ ለሚውል 5 ይሁን፣ አይፒ 65 ማለት ነው። “ወተርፕሩፍ” ብቻ ብሎ ቁጥር የሌለው ከሆነ እንደሌለው ቁጠሩት።

ዋት አትዩ፤ “ሴንሲቲቪቲ” የሚለውን እዩ፤ በእኩል ዋት ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳይ ቁጥር ነው። 90 ዴሲቤል የሚል ስፒከር፣ 87 ከሚለው ጋር እኩል ለመጮህ ግማሽ ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። በትንሽ አምፕ ለሚሠራ ሰው ይሄ ሁለት እጥፍ ጉልበት በነፃ ነው።

የውጭ ስፒከር ካልተገኘ ወይም ኪስ የሚቦጭቅ ከሆነ የመኪና ስፒከር አለላችሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ባለ 6 ተኩል ኢንች ጥንድ ይጠይቅ። የመኪና በር ውስጥ ውሃ፣ አቧራና ሙቀት ችሎ እንዲኖር ነው የተሠራው። የሚገዛው ሸራው፣ ማለትም ሲጫወት የሚንቀጠቀጠው ክፍል፣ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው ጎማ የሆነው ነው። ወረቀት ከሆነ ተዉት፤ አንድ ክረምት አይዘልቅም። በጣት ጫን ስታደርጉት ሳይፋቅ ቀስ ብሎ ገብቶ መመለስ አለበት። አብዛኛው 4 ኦም ነው፣ ስለዚህ ተራ ቁጥር 2 ላይ እንዳልነው ሁለት ሁለቱን በተከታታይ።

ሳጥን ይፈልጋል። ሳጥን የሌለው ስፒከር ከፊትና ከኋላው የሚወጣው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ባስ የሚባል አይኖረውም። ለአንድ ባለ 6 ተኩል 10 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። ከእንጨት ልታስመቱ ትችላላችሁ፤ ቺፑድ ግን አይሁን፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ማሪን ፕላይውድ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ክዳኑ ተቆርጦ የተሻለ ነው። ባልዲው አያምርም፤ ከአበባ ተክል ጀርባ ከሆነ ማን አየው።

ጡሩምባ የሚመስለው ሆርን ስፒከር ደግሞ ርካሽ ነው፣ ዝናብም አይፈራም። ለዘፈን ግን አትግዙት። ለንግግር የተሠራ ነው፣ ባስ የለውም። ብዙዎቹም ውስጣቸው ለ70 ወይም ለ100 ቮልት መስመር የሚሆን ትራንስፎርመር አላቸው፤ ከቤት አምፕ ጋር አይግባቡም። ሞንታርቦ ተከራይቶ ለሠርግ ማምጣትና በረንዳ ላይ ማዳመጥ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

6. ሽቦው

ከመግዛታችሁ በፊት ገመድ ይዛችሁ ከአምፑ እስከ ስፒከሩ ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ለኩ፤ በአየር አይደለም፣ በግድግዳው ጥግ፣ በበሩ ዙሪያ። ሁለት ሜትር ጨምሩበት።

ውፍረቱን የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ለባለ 8 ኦም ስፒከር፣ ባለ 0.75 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ እስከ 8 ሜትር፣ ባለ 1.5 እስከ 17 ሜትር፣ ባለ 2.5 እስከ 29 ሜትር ድረስ ምንም አትጨነቁ። ለ4 ኦም ርቀቱን በግማሽ ቀንሱት። “ለድምፅ ተብሎ የተሠራ” እያሉ በውድ የሚሸጡትን ተዉአቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ለስፒከር ፍጹም ይሆናል። ቀይና ጥቁር ግዙ፣ ፖዘቲቩ እንዳይጠፋችሁ።

መዳብ መሆኑን ግን አረጋግጡ። ገበያው ላይ አልሙኒየም በመዳብ የተቀባ ሽቦ ሞልቷል። ጫፉን ላጡና በቢላ ፋቁት፤ ቀዩ ተነስቶ ሥሩ ብር የሚመስል ከሆነ አልሙኒየም ነው። ይሠራል፣ ግን ወፈር ያለውን መያዝ አለባችሁ፤ እርጥበት ባለበት ደግሞ ቶሎ ይበላል።

ከ220 ቮልቱ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አታሳልፉት፣ በፍጹም። አንዴ የ220ው ሽቦ ቢላጥ ስፒከሩ ላይ፣ አምፑ ላይ፣ ከዚያም እናንተ ላይ ነው። አብረው ረጅም ርቀት ሲሄዱም ጎን ለጎን 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ካለባቸው በመስቀለኛ ይሻገሩ። የመብራት ሽቦ ከተጠቀማችሁ በሁለቱም ጫፍ “ስፒከር” ብላችሁ በፕላስተር ጻፉበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መብራት መስሎት ሶኬት እንዳይቀጥልበት።

መሬት ውስጥ የሚሄድ ከሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገቡት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ራቁቱን የተቀበረ ሽቦ አይጥ ባይበላው የአትክልተኛ ዶማ ያገኘዋል።

7. መብሳትና መስቀል

ግድግዳውን ስትበሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ክረምት ውሃውን ሳሎን ያስገባላችኋል። ከመብሳታችሁ በፊት ከውስጥ በኩል ሶኬትና ማብሪያ የት እንዳለ እዩ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ብዙ ጊዜ ከነሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ሽቦው ከውጭ ወደ ቀዳዳው ሲገባ መጀመሪያ ከቀዳዳው በታች ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይግባ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ውሃ ታች ካለው ጉንብስ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ቤት አይገባም። ስፒከሩ ጀርባም እንደዚያው አድርጉ። ነፃ ሥራ ነው፣ ከማንኛውም ማሸጊያ በላይ ይጠቅማል።

ቀዳዳውን በሲሊኮን ድፈኑ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ግን ራቁቱን መዳብ ላይ አይቀባም፣ መዳብ ያበላሻል። ለግድግዳው ይሁን፣ ለመገጣጠሚያው አይሁን። መገጣጠሚያውን በይዳችሁ በፕላስተር ጠቅልሉ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥም አስገቡት።

ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይሽከረከራል፤ ረጅሙን ግዙ፣ ወይም የሲሚንቶ ምሰሶው ላይ ብሱ። የጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ላይ አትድከሙ፣ መሃል ያለውን እንጨት አንኳኩታችሁ አግኙና እሱ ላይ እሰሩ። ከሰቀላችሁ በኋላ ክብደታችሁን ትንሽ ጣል አድርጋችሁ ጎትቱት። ሥሩ ልጅ ነው የሚጫወተው።

8. ማገናኘትና መሞከር

አምፑ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ሽቦውን መጀመሪያ ስፒከሩ ጋ እሰሩ፣ ከዚያ አምፑ ጋ ያለውን ጫፍ፣ ገና ሳትሰኩት፣ በቴስተር ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 ያሳያል፣ ባለ 4 ደግሞ 3 ወይም 3.5። ይሄ ጤነኛ ነው። ዜሮ አካባቢ ካሳየ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ አትሰኩ። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል ወይም አልያዘም።

ቴስተር ከሌለ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃል። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በቀዩ፣ ኔጋቲቩን በጥቁሩ ለቅጽበት ነካ አድርጉ። ስፒከሩ “ጧ” ይላል። ሸራው ወደ ውጭ ከገፋ በትክክል ታስሯል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱም ስፒከሮች ወደ አንድ አቅጣጫ መግፋት አለባቸው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ባሱ ይጠፋል፣ ዘፈኑ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ስፒከሩን የሚሰድበው በዚህ ጥፋት ነው።

ከዚያ ስኩት። ቮልዩሙ ዜሮ፣ ባሱ መሃል። ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ዝግ ባለ ድምፅ አጫውታችሁ የአምፑን ክዳን በእጅ ንኩት። ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኦሙን እንደገና አስሉ።

ውጭ ባስ ስለሚቀንስ ሁሉም ሰው የባሱን ማስተካከያ እስከ ጥግ ያዞራል። ባለ 5 ኢንች ስፒከር ያንን አይችልም፣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ ቀንሱ። ትንሿን ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውን ስፒከር፣ ከአቅሙ በላይ የተገፋ ትንሽ አምፕም ይገድላታል።

9. ጎረቤትና ክረምት

በአገራችን የአካባቢ ድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ነፃ የዴሲቤል መለኪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ አጥሩ ጋ ሂዱና ለኩ፣ ቮልዩሙ የቱ ጋ ሲሆን 55 እንደሚደርስ አይታችሁ በፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ልጆቹ ሲከፍቱትም ድንበሩን ያውቃሉ። ባስ አጥር አያግደውም፤ ማታ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ይሁን። ሰፈር ውስጥ የልቅሶ ድንኳን ከተተከለ ደግሞ ዴሲቤል ምናምን የለም፣ ይዘጋል።

ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቅ ሲበዛ አምፑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ወደ ውጭ የሚሄደውንም የስፒከር ሽቦ ከጀርባው አውጡ። ረጅም ሽቦ ግቢ ውስጥ ተዘርግቶ መብረቅ አጠገቡ ከወደቀ ጉልበቱን ይዞ ወደ አምፑ ይገባል።

ሁሉ ነገር ተሰክቶ ኡኡኡ የሚል ጉምጉምታ ካለ፣ በተለይ ሁለተኛ አምፕ ከተጠቀማችሁ፣ መጀመሪያ ቀይና ነጩን ገመድ ከአምፑ ንቀሉ። ጉምጉምታው ከጠፋ ችግሩ ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ መንገድ መሬት በማግኘታቸው ነው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ የዲሽ ገመዱንም ከዲሽ ሪሲቨሩ ነቅላችሁ እዩ። እምቢ ካለ በመሃሉ የሚገባ “ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር” የሚባል ትንሽ ነገር አለ፤ የመኪና ቴፕ የሚገጥሙት ልጆች ጋ ይገኛል። ገመዱ ተነቅሎም ጉምጉምታው ካልጠፋ ቻርጀሩን ቀይሩ።